በጎኑ ለሚተኛ ሰው

በነሐሴ ወር አሥራ አራተኛው ቀን፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ታቢታ ለቁርስ የቀረቡትን ሰዎች ዝም አሰኝታ፣ ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ በዛሬው ዕለት መኝታ እንደምትገዛ አስታወቀች። ድምፅዋ የቀበሌ ሊቀመንበር የስኳር መምጣትን ሲያበስር የሚያወጣውን ድምፅ ይመስል ነበር። መኝታ ስትል ፍራሽ ማለቷ አይደለም። ሰው እንደ እህል የሚከተትበት፣ እስከ አገጭ ዚፕ የሚዘጋበት፣ ፈረንጆች ሜዳ ሲያድሩ የሚተኙበት ከረጢት ነው። ሙህዲን የሚባል የሳልቫጅ ነጋዴ ሦስት እንደመጡለት ሰምታለች። ከሦስቱ አንዱን መርጣ ለልጇ ለታምሩ ትልካለች፤ የኮንቮይ ሹፌሩ ደምሴ ሰኞ ወደ አስመራ ይነሣል። ታምሩ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። በግንቦት በጻፈው ደብዳቤ፣ "እማ፣ እዚህ ብርዱ ከላይ አይደለም የሚመጣው፣ ከመሬት ነው" ብሏል። "ሦስት ወር ሙሉ ምን ስጠብቅ እንደከረምኩ እንጃ፤ ዛሬ ግን ይገዛል" አለችና ተቀምጣ ሻይዋን አማሰለች። ስኳር አልነበረውም።

በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ታምሩ መኝታ እንደማያስፈልገው የማታውቅ እሷ ብቻ ነበረች። ታናሽ ወንድሟ ደረሰ ያውቃል፤ ረቡዕ ቀበሌ ጠርተው ወረቀት ላይ ያስፈረሙት እሱን ነው። ሚስቱ ፅጌ ታውቃለች፤ ደረሰ ሳይነግራት ከፊቱ አንብባዋለች። የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ጋሽ ኩማም ያውቃሉ፤ ነገሩ እስከ እሁድ እንዲያዝ ያዘዙት እሳቸው ናቸው። ለእናት የሚነገር መርዶ እንደ ደብዳቤ በደረሰበት ሰዓት አይሰጥም። ወገን መሰብሰብ አለበት፤ ሊነጋ ሲል በር ይንኳኳል፤ በግራ በቀኝ የሚይዟት ሁለት ብርቱ ሴቶች ይቆማሉ፤ የሚናገረው ሽማግሌ አፉን ጠርጎ ይገባል። የአለታ ወንዶና የይርጋለም ዘመድ ተጠቃሎ የሚገባው ቅዳሜ ማታ ስለሆነ፣ መርዶው ለእሁድ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ተወስኗል። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ሰው እንዲስቅ ታዟል። ደረሰ ከረቡዕ ጀምሮ ሲስቅ መንጋጋው ዝሏል።

ጋሽ ኩማ ደረሰን ጓሮ ጠርተው ከሽንት ቤቱ ጀርባ አቆሙት። ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ከወትሮው ይበልጥ የሚሰማ ሰው ናቸው። "እግዜር ራሱ ነው ሐሳቡን የሰጣት። ይዘሃት ውጣ። እስከ ማታ እንዳትመልሳት፤ ድንኳኑም አግዳሚውም ጎረቤት ግቢ መግባት አለበት።"

"ብሯስ? አጠራቅማ ያስቀመጠችውን እኮ ነው…"

"ትግዛ። ምን ይጎዳል? ነገ ለሌላ ልጅ ይሆናል።"

ጋሽ ኩማ ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው። ትንሹ በሚመጣው ዓመት አሥራ ስምንት ይሞላዋል። ይህን ያስታወሱት ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ሳይሆን አልቀረም፤ ኮፍያቸውን አውልቀው ውስጡን ተመለከቱና መልሰው ደፉት።

ደረሰ ነጠላ ጫማውን በቆዳ ጫማ ለመቀየር ታምሩ ይተኛበት ወደነበረው ክፍል ገባ። "ቤቴ ጣራው እየተጠገነ ነው" በሚል ሰበብ ሦስት ሌሊት ያደረው እዚህ ነው። ክፍሉ አንድ አልጋ፣ አንድ የካርቶን ሣጥን፣ ከመጽሔት የተቀደደ የእግር ኳስ ቡድን ፎቶግራፍ አለው። ፍራሹ ላይ፣ ከመሐል ወደ ግድግዳው ጠጋ ብሎ፣ የትከሻና የዳሌ ጎድጓዳ አለ። ልጁ ከሄደ ወዲህ ማንም አልተኛበትም ነበር፤ ታቢታ በየሳምንቱ አንሶላውን ትቀይራለች፣ ፍራሹን ግን አታገላብጠውም። ደረሰ ዕድሜውን ሙሉ በጀርባው የሚተኛ ሰው ነው፤ ፅጌ በዚህ ትስቅበታለች፣ "ግብር ከፋይ ይመስል" ትለዋለች። ሦስቱንም ቀን ግን ሲነቃ በግራ ጎኑ፣ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ስቦ፣ እጁን በጉንጩ ሥር አድርጎ ነበር ራሱን ያገኘው። ሦስተኛው ቀን ላይ አልጋውን ትቶ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነጋለት። ለማንም አልተናገረም። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ያልተጻፈ ነገር አልተደረገም ብሎ ማለፍን ለምዷል።

በጋሪ ወደ ገበያ ሄዱ። ዝናቡ ጠዋት አባርቶ መንገዱን አጥቦታል፤ ፈረሱ ኩሬ ባየ ቁጥር ይቆማል። ታቢታ በስፌት ማኅበር ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የሠራች ሴት ናት፤ ቅዳሜም ቢሆን ሜትሯ ከአንገቷ አይወርድም። መንገድ ላይ ስለ ክር መወደድ፣ ስለ ማኅበሩ ገንዘብ ያዥ አዲስ ጫማ፣ ስለ ፅጌ ሳል አወራች። ደረሰ "እሺ" እና "አዎ" እያለ መለሰ። በድሮው ጊዜ እኅቱ ስትናደድ በሲዳምኛ ነበር የምትሰድበው፤ አማርኛ ለስድብ ይቀዘቅዛል ትላለች። ከረቡዕ ወዲህ ግን አንድም ቀን አልሰደበችውም፣ እሱም የሚያሰድብ ነገር አላደረገም። ስኳር እንኳ በሁለት ሰው ፋንታ ተሰልፏል። አሁን ጋሪው ላይ ሆኖ ሲያስበው፣ ይህ ሁሉ ደግነት የሚያስጠረጥር ሊሆን እንደሚችል ተሰማው፤ ቢያንስ በአንድ ነገር ሊያበሳጫት ፈለገ፣ ምን እንደሚላት ግን አጣ።

የሙህዲን ሱቅ በቆርቆሮ የተከበበች፣ ሳሙናና የቆየ ዝናብ የሚሸት ጠባብ ክፍል ናት። ሙህዲን ወፍራም፣ ጢሙን በሂና ያቀላ፣ የሚሸጠውን ልብስ ሁሉ አንድ ጊዜ ለብሶ የሚያየው የሚመስል ሰው ነው። ሦስቱን ከረጢቶች ከጣራው ማገር አውርዶ ጠረጴዛው ላይ እንደ ዓሣ ዘረጋቸው።

"ና እስቲ ንገረኝ፣ የየት አገር ናቸው?" አለች ታቢታ።

"አረንጓዴው የሞስኮብ። ሰማያዊው የጀርመን። ቡናማው የአላህ።"

"የማን?"

"ምልክቱ ተቀዷላ፣ እናቴ። የሰው አገር ካልታወቀ የማን ይባላል?"

ታቢታ ሳቀች። ከልቧ ነበር የሳቀችው፤ ደረሰም ያን ሳቅ ሲሰማ የተሰቀለ ካፖርት የሚያይ መስሎ ዞረ። እሷ ሥራዋን ጀመረች። አረንጓዴውን ገልብጣ ውስጡን አየች፤ ሸራው ጋዝ ይሸታል፣ ጥጡም ከላይ ሸሽቶ እግር በኩል እንደ ጤፍ ከረጢት ተከማችቷል። "ይሄ እግርን ያሞቃል፣ ሰውየውን ይገድላል" ብላ ገፋችው። ሰማያዊው ላባ ነው፤ ሲያነሡት ምንም አይመዝንም፣ ትከሻው ጋ ሰፍቶ ወደ እግር እየጠበበ ይሄዳል። ሙህዲን መቶ ሃያ ብር አለና ምክንያቱን አከለ፦ "ሙቀት የምትፈልጊ ከሆነ ይሄ ነው። ጥብቅ ነው። እንደ አራስ ልጅ ጠቅልሎ ነው የሚያስተኛው።"

"ቀጥ ብሎ ለሚተኛ ሰው ነዋ። የኔ ልጅ ጉልበቱን እስከ ደረቱ ነው የሚያጥፈው። እዚህ ጋ ጉልበቱ ጨርቁን ይወጥረዋል፤ ሲወጠር ላባው ይሸሻል፤ ላባው በሸሸበት ብርዱ ይገባል።"

"ታዲያ ቀጥ ብሎ መተኛት ይልመድ! ወታደር አይደል?"

"እኔ እናቱ ሃያ ዓመት ሙሉ ያላስለመድኩትን አንተ በሰማያዊ ከረጢት ልታስለምደው?"

ከዚያ ቡናማው ላይ ቆየች። በጣም ቆየች። አራት ማዕዘን ነው፣ ሰፊ፣ የማያምር፤ ከሩቅ ሲያዩት የተጠቀለለ ብርድ ልብስ እንጂ ሌላ አይመስልም። እሷ ግን ጣቷን ስፌቱ ውስጥ ሰድዳ ሁለት ድርብ መሆኑን አወቀች፤ የላይኛው ስፌት ባለበት የታችኛው የለም፣ የታችኛው ባለበት የላይኛው የለም፣ ስለዚህ ነፋስ ቀጥ ብሎ የሚያልፍበት ቀዳዳ አያገኝም። ትከሻው ጋ ለካች፣ ጉልበት የሚውልበትን ለካች። ከዚያ ቡጢዋን ጨብጣ፣ ዳሌ የሚያርፍበትን ቦታ በሙሉ ክብደቷ ተጫነችውና ስትለቀው ተነሥቶ እንደሆነ ዝቅ ብላ አየች። "በጎኑ የሚተኛ ሰው ክብደቱ ሁሉ ዳሌና ትከሻው ላይ ነው። እዚያ ቦታ ጥጡ ከሞተ ከረጢቱ ሞተ" አለች። ደረሰ ቃሏን ሲሰማ ደነገጠ። ከዚያ ዚፑን ፈለገች፤ በቀኝ በኩል ነው። በግራ ጎኑ የሚተኛ ሰው ዚፑ በግራ ከሆነ የቀዘቀዘ ብረት ላይ ነው የሚያድረው።

"በኛ በቀኝ ጎን መተኛት ነው ሱናው" አለ ሙህዲን ዝም ማለት ስለማይሆንለት።

"በኛ ሰው እንደፈለገ ይተኛል። ጸሎት ቤታችን ከተዘጋ ወዲህ የሚቆጣን የለም።"

"ሐቅሽን ነው። ለመሆኑ ልጁ ይገላበጣል? የሚገላበጥ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።"

ደረሰ ነገሩ እንዲያልቅ ፈለገ። ከዚህ ክፍል ወጥቶ፣ ከዚህ የሳሙና ሽታ ርቆ፣ የትም ቢሆን መሆን ፈለገ። ከካፖርቱ ሳይዞር መለሰ፦ "በግራ ጎኑ ነበር የሚተኛው። አይገላበጥም ነበር።"

ታቢታ ዚፑን እየሳበች ነበር፤ እጇ መሐል ላይ ቆመ። ከዚያ እጇ ቀጠለና ዚፑን እስከ ላይ ዘጋችው። "ስንት ነው ያልከው?" አለች። ሙህዲን ለቡናማው ዘጠና ብሎ ነበር። አሁን ወደ እሷ አላየም፣ ወደ ደረሰ አላየም፤ ጢሙን እያሻሸ ጠረጴዛውን አየ። "ሰባ ይበቃኛል" አለ። ማንም አላከራከረውም ነበር። "ዘጠና ብለህ የለም? ዘጠና ነው የምከፍልህ። የልጄን መኝታ በምሕረት አልገዛም" አለች ታቢታ፣ ብሩንም አንድ በአንድ አስቀመጠችለት። ሙህዲን ከረጢቱን ሲያስር ገመዱን ሦስት ጊዜ ቋጠረው፣ እስከ በር ድረስም ሸኛት፤ ለማንም የማያደርገውን።

ደረሰ ውጪ ሲወጣ ጀርባውን ላብ አርሶት ነበር። አልሰማችም ብሎ ራሱን አጽናና። ብትሰማም ምንም ማለት አይደለም፤ ልጁ ቤት ሳለ እንዴት ይተኛ እንደነበር እኮ ነው የተናገረው። ደግሞ እሱ መዝገብ ቤት ነው የሚሠራው፤ እዚያ ሁሉም ሰው "ነበር" ነው፣ አፉ ለምዶታል። አማርኛውም ቢሆን ከትምህርት ቤት የተማረው ነው፣ ግስ ያምታታዋል፣ ይህን እኅቱ ታውቃለች። እንዲህ እያለ ማስረጃ ሲያቀርብ ታቢታ ጋሪ ጠርታ ተሳፍራለች። "ወደ ቤት?" አለ ጋሪ ነጂው። "ወደ ሐይቁ" አለች። "ዓሣ አምሮኛል።" ደረሰ ተገላገልኩ አለ፤ ቀኑ ገና ብዙ ይቀረው ነበር።

የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ዝናብ ሊያወርድ የከበደ ሰማይ ሥር ጭቅጭቅ ላይ ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ ስበው ያወጣሉ፣ ሴቶቹ ቆሮሶ ዓሣ ይገፍፋሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች እጃቸውን ኪሳቸው የከተቱ ይመስል እንደ ስብሰባ ታዳሚ ተሰልፈው የሚጣልላቸውን ይጠብቃሉ። ጥብስ አዘዙ። ታቢታ ከረጢቱ መሬት እንዳይነካ ጭኗ ላይ አቅፋው ተቀመጠች፤ በአንድ እጇ ዓሣውን ትፈለፍላለች፣ ሌላው እጇ ከረጢቱ ላይ ነው። እኅትና ወንድም ሆነው እንዲህ ሲቀመጡ ዝምታው ከልጅነታቸው ጀምሮ የነበረ ነው፤ እናታቸው ሁለት ግድግዳ ወለድኩ ትል ነበር። የዛሬው ግን ሌላ ነው። የዛሬው ሦስተኛ ሰው የተቀመጠበት ዝምታ ነው፤ ደረሰ ሁለት ጊዜ ሳያውቀው ወደ ጎን ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀ።

"ለምን በግራው እንደሚተኛ ታውቃለህ?" አለች ታቢታ ወደ ሐይቁ እያየች። "አልጋው እንደዚያ ስለሆነ ነው። በግራ ሲተኛ በሩን ያያል። አባቱን የወሰዱ ጊዜ አሥር ዓመቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለበር ጀርባውን ሰጥቶ አያውቅም።"

ደረሰ ያን ጊዜ ሌላ ከተማ ነበር። ማወቅ የሚገባውን ያህል ያውቃል።

"ጋሽ ኩማ ሁለት ዓመት ሙሉ 'ይፈታል፣ አይዞሽ፣ ምሳ ላኪለት' ይሉኝ ነበር። ምሳ ላክሁ። ማን እንደበላው እንጃ። እንደሞተ የሰማሁት ከአንዱ ዘበኛ ነው፣ ሳህኑን ሲመልስልኝ። ማልቀስ ክልክል ነው ተባለ። እሺ አልኩ፤ ስፌቴ ላይ ተቀመጥኩ።" ዓሣው ላይ አንድ አጥንት አገኘችና ለብቻው አስቀመጠችው። "ሁሉም ሰው በጣም ይስቅልኝ ነበር፣ ያን ሁለት ዓመት።"

አሁን መናገር ይችል ነበር። በኋላ ሲያስበው ያን ጊዜ መናገር እንደነበረበት ያውቃል፤ ሐይቁ ፊት፣ ሰው ሳይሰበሰብ፣ እጇን ይዞ። አፉን ከፈተ። "ዝናብ ሊመጣ ነው፣ እትዬ" አለ።

"አዎ" አለች። "ይመጣል።"

ቤት ሲደርሱ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። ሳሎኑ ሞልቷል። ከአለታ ወንዶ አምስት ሰዎች ቀድመው ገብተዋል፤ ሦስት ሴቶችና ሁለት ወንዶች፣ በአንድ አግዳሚ ላይ ተጣበው ተቀምጠዋል። ፅጌ በሩ ላይ ተቀብላ፣ ሁሉም ጥርሳቸውን አሟቸው ሐኪም ቤት እንደመጡ አስረዳች። "አምስቱም?" አለች ታቢታ። "አምስቱም" አለች ፅጌ። እንግዶቹ አገጫቸውን ያዙ። ታቢታ እያንዳንዳቸውን ሳመች፣ እግዜር ይማራችሁ አለች፣ ከዚያ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ ገፍታ ከረጢቱን ወለሉ ላይ ዘረጋችው።

"ደረሰ፣ ግባበት።"

"እኔ?"

"ቁመታችሁ አንድ ነው። ልክ መሆኑን ልይ።"

ደረሰ ጋሽ ኩማን አየ። ጋሽ ኩማ በአገጫቸው "ግባ" አሉት። ጫማውን አውልቆ፣ ካልሲው የተቀደደ መሆኑን ሁሉም ካዩለት በኋላ፣ ገባ። በጀርባው ሊንጋለል ሲል "በግራ" አለች፤ በግራው ዞረ፤ ጉልበቱን ማጠፍ አላስፈለገም፣ ራሱ ታጠፈ። እሷ ተንበርክካ ዚፑን እስከ አገጩ ሳበችው፣ ትከሻው ላይ ያለውን አስተካከለች፣ እግሩ ጋ ሄዳ ሰብሰብ አደረገችው። "ጉልበቱ ጋ ሰፊ ነው፣ አይደለም?" ብላ ጠየቀች። "ሰፊ ነው" አለች ፅጌ። "ይሞቀዋል" አለች አንዷ የጥርስ ታማሚ። ሌላው ጨርቁ ጠንካራ መሆኑን መሰከረ። ሁሉም የሚለው ሲያልቅበት ጋሽ ኩማ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እንደ ሽማግሌ፣ ማጠቃለያ ሰጡ፦ "ጥሩ መርጠሻል። ታምሩ ደስ ይለዋል።"

ታቢታ ከደረሰ ራስጌ እንደተንበረከከች ቀና አለች። ድምፅዋ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነበር።

"ጋሽ ኩማ፣ የልጄን መርዶ ለስንት ሰዓት ነው የያዙት?"

ጋሽ ኩማ ስድሳ ዓመታቸው ነው፣ በዚህ ከተማ ስንት መርዶ አርድተዋል፣ እንዲህ ተብለው ግን ተጠይቀው አያውቁም። መልሱ ከአፋቸው የወጣው ሳያስቡት ነው።

"ለአሥራ አንድ" አሉ። "የጠዋት።"

"ማነው የነገረሽ?" አለች ፅጌ፣ ባሏን ሳታይ።

"ይሄ የተኛው" አለች ታቢታ።

ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ ዘቀዘቀችው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ መልሳ ለበሰችው። ጫማዋን አወለቀች። ወለሉ ላይ፣ ከከረጢቱ ራስጌ፣ ተቀመጠች። ደረሰ ሊነሣ ዚፑን ከውስጥ ፈለገ፤ እጅዋ ትከሻው ላይ አረፈች፣ ቡናማውን ጨርቅ ሱቅ ውስጥ እንደተጫነችው፣ በሙሉ ክብደቷ።

"ቆይ" አለችው በሲዳምኛ፣ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። "የአባቱን ሬሳ አላየሁም። የእሱንም አላይም። ትንሽ ተኛልኝ።"

ተኛ። ከአለታ ወንዶ ከመጡት ሴቶች አንዷ እጅዋን ከአገጯ አነሣች፣ ከአግዳሚው ወረደች፣ መሬት ተቀመጠች። ሁለተኛዋ ተከተለቻት። ከዚያ ወንዶቹ፣ ከዚያ ፅጌ፣ እግሩ ጋ። ጋሽ ኩማ ብቻቸውን ወንበር ላይ ቀሩ፤ ዙሪያቸውን አዩ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ ቀስ ብለው ወረዱ። ታቢታ ወንድሟ ፀጉር ውስጥ ጣቷን አስገብታ የልጅዋን ስም አንድ ጊዜ ጠራች። ደረሰን ከረጢቱ ውስጥ ላብ አጠመቀው። አልተንቀሳቀሰም።